«ሙዚቃ እንኳ ከአንተ ጋር ፈተና ነው» አለችኝ

ውድ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ችግሬ ለሰው ሲነገር ያስቃል። ለጓደኞቼ ነግሬያቸው ስቀውብኛል። እኔን ግን ከልቤ ስለከነከነኝ ልጽፍልዎት ወሰንኩ።

34 ዓመቴ ነው። ከእጮኛዬ ጋር ሁለት ዓመት ሆኖናል። ሁለታችንም ቦብ ማርሌይንና ባንዱን ዌይለርስን እንወዳለን። እንዲያውም ያገናኘን እሱ ነው ማለት ይቻላል። የጓደኛችን ልደት ላይ ግጥሙን እስከ መጨረሻው ይዘን የዘፈንነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

የማንግባባው አሰማማችን ላይ ነው። እኔ አንድ አልበም ከከፈትኩ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ነው። እሷ ደግሞ የባንዱን ዘፈኖች በሙሉ ስልኳ ላይ አንድ ቦታ ሰብስባ ሻፍል ታደርጋቸዋለች። አንዱ ከ«ሌጀንድ» ይመጣል፣ ሌላው ከኮንሰርት የተቀዳ ነው፣ ሌላው ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ያላማራት ሲመጣ «ነክስት» ነው። አንዳንዴ ዘፈኑ ግማሽ ላይ ሳይደርስ ታልፈዋለች። በእውነት ያመኛል።

ባለፈው ወር ወደ ሐዋሳ እየሄድን ነበር። የምነዳው እኔ ነኝ። የቦብን «ኤክሶደስ» አልበም ከፈትኩ። ሦስተኛው ዘፈን፣ «ጊልቲነስ» ላይ ስንደርስ ስልኩን አንስታ ቀየረችው። ተቀብያት መለስኩት። ቀየረችው። መለስኩት። ከዚያ እልህ ያዘኝና «ለመሆኑ ይሄ የየትኛው አልበም ነው? ቀጥሎስ ምን ይመጣል?» አልኳት። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ስጠይቃት የመጀመሪያዬ አይደለም። ዝም አለች። ሻሸመኔ ልንገባ ስንል «ሙዚቃ እንኳ ከአንተ ጋር ፈተና ነው» ብላ ኢርፎኗን ጆሮዋ ላይ ሰካች። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ስንገባ ኢርፎኗን ታወጣለች።

እኔ እንዲህ የሆንኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ሆኜ ታላቅ ወንድሜ የ«ኤክሶደስ» ግልባጭ ካሴት ነበረው። ማታ ማታ አንድ አልጋ ላይ ተጋድመን እንሰማ ነበር። ገጹ ሳያልቅ ቴፑን መንካት ክልክል ነው። ፎርዋርድ ያደረገ ኩርኩም ይቀምሳል። ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ቆየ። አልበሙን ግን እስከ ዛሬ የምሰማው እንደዚያው ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ዘፈን እየቆራረጠ የሚሰማ ሰው ሙዚቃውን በእውነት ይወዳል? ልተዋት ወይስ በደንብ ላስረዳት? ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ አስቤያለሁ። በዚህች የተኳረፍን ሰዎች ትልቅ ነገር ሲመጣ እንዴት ልንሆን ነው?

አልበም አክባሪው፣ ከገርጂ

*

ወንድሜ አልበም አክባሪው፣

ጓደኞችህ ቢስቁ አልፈርድባቸውም። እኔም «ነክስት» የምትለዋ ጋ ስደርስ ፈገግ ብያለሁ። ሻሸመኔ ላይ መኳረፋችሁ ደግሞ ይባስ! ቦብ ራሱ በ1978 መጥቶ ያያት ከተማ ደጃፍ ላይ በቦብ ሰበብ ተኳረፋችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።)

ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ ታስሮ አገኘሁት። አንዱ የሙዚቃ ክርክር ነው። ሌላው ኢርፎኑ ነው። ከቀላሉ ልጀምር። ስለምወደው ትንሽ ልንዛዛበት ነውና ታገሰኝ።

በ«ኤክሶደስ» ጉዳይ እውነት አለህ። በ1976 ታኅሣሥ ላይ ሰዎች ኪንግስተን ውስጥ ቦብ ቤት ድረስ ገብተው ተኩሰው አቆሰሉት። ከዚያ ለንደን ሄዶ ነው ይሄን አልበም የቀዳው። በ1977 ወጣ። የመጀመሪያው ገጽ አምስት ዘፈን አለው። ስለ በደለኞች፣ ስለ ጠላት፣ ስለ ፍርድ፣ መጨረሻ ላይ ስለ መውጣት ነው። ካሴቱን ስትገለብጠው አየሩ ይለወጣል። «ጃሚንግ» ይመጣል፣ ፍቅር ይመጣል፣ በ«ዋን ላቭ» ይዘጋል። የተተኮሰበት ሰው ከዚያ ተነስቶ እዚህ መድረሱን የምትሰማው በተራ ካዳመጥከው ብቻ ነው።

የመክፈቻውን ዘፈን፣ የ«ናቹራል ሚስቲክ»ን አጀማመር ታውቀዋለህ። ሙዚቃው ከሩቅ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከዚያ ጊታሩ ቀስ እያለ ይጠጋል። አልበም ሲከፈት እንዲህ ሲሆን ጆሮህን ታቀናለህ። በሻፍል መሀል ሲመጣ ግን ሰው ድምፁ ያነሰ ይመስለውና ይጨምራል። ትንሽ ቆይቶ መኪናው በሙሉ ይናወጣል። ይሄ እጮኛህም ላይ ደርሶ እንደሆነ ብታጣራ ደስ ይለኛል።

«ሪደምፕሽን ሶንግ»ም እንዲሁ ነው። «አፕራይዚንግ» በ1980 ወጣ፤ ቦብ በሕይወት እያለ የወጣ የመጨረሻ አልበሙ ነው። ዘጠኝ ዘፈን ከነሙሉ ባንዱ ትሰማለህ። አሥረኛው «ሪደምፕሽን ሶንግ» ነው፤ እሱ ላይ ከበሮው የለም፣ ቤዙ የለም፣ ተቀባዮቹ ሴቶች የሉም። አንድ ሰው ከነጊታሩ ብቻውን ቀረ። በግንቦት 1981 ደግሞ አረፈ። ይሄ ዘፈን ከሞቀ ዘፈን ኋላ በሻፍል ዱብ ሲል «ኧረ ቀዘቀዘ» ተብሎ ቢታለፍ ምን ይደንቃል?

በዚህ የምትንገበገበው አንተ ብቻ አይደለህም። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ አዴል በ2021 አዲስ አልበሟን ስታወጣ አልበም ሲከፈት ሻፍል ቀድሞ እንዳይመጣ የሙዚቃ መተግበሪያውን ስፖቲፋይን ጠይቃ እሺ ተብላለች። የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የምናወጣው አስበንበት ነው ባይ ናት።

አሁን ደግሞ ለእጮኛህ ጠበቃ ልቁምላት።

ዌይለርስ አልበም ይዘው የተወለዱ ባንድ አይደሉም። በ1960ዎቹ ጃማይካ ውስጥ ሙዚቃቸው የሚወጣው በትንንሽ ሸክላ ነበር፣ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን። ሕዝቡ የሚሰማቸው ጎዳና ላይ በተተከለ ትልልቅ ስፒከር ነው። ሸክላውን የሚመርጠው ሰው የሰዉን ፊት እያየ አንዱን ያነሳል፣ ሌላውን ይጥላል። ያ ጭፈራ ካልያዘለት ይቀይረዋል። ማን ትመስልሃለች? «ዋን ላቭ» ራሱ መጀመሪያ የተቀዳው በ1965 ነው፣ «ኤክሶደስ» ላይ ከመግባቱ 12 ዓመት በፊት። ሬጌን እንደ ሮክ በሙሉ አልበም እንሽጠው ብሎ የተነሳው የሙዚቃ ኩባንያው የአይላንድ ሪከርድስ የያኔ ባለቤት ክሪስ ብላክዌል ነው። የዌይለርስ አልበም «ካች ኤ ፋየር» በ1973 የወጣው በዚያ ሐሳብ ነው።

ቅደም ተከተሉም ቢሆን ሁሉም ከመንፈስ የመጣ እንዳይመስልህ። የትልቁ ሸክላ አንድ ገጽ ድምፁ ሳይደክም የሚይዘው ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ዘፈን ሲደረደር ስሜቱም ይታያል፣ ደቂቃውም ይቆጠራል። በ1978 የወጣው «ካያ» ላይ ያሉት ዘፈኖች ከ«ኤክሶደስ» ጋር ለንደን ውስጥ በአንድ ሰሞን የተቀዱ ናቸው። ይሄ እዚህ ይግባ፣ ያ ለሚቀጥለው ይቆይ ተብሎ ተከፋፈለ። «ሌጀንድ» ደግሞ ቦብ ካረፈ በኋላ፣ በ1984 ሌሎች ሰዎች መርጠው የሰበሰቡት ነው። እሱን ሻፍል ብታደርገው የቦብን ቃል አላፈረስክም። ያሳዘነኝ እዚያ ላይ «ዋር» አለመኖሩ ብቻ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የ1963 የተባበሩት መንግሥታት ንግግር ዘፈን ያደረገውን እንዴት ይተዉታል? ይሄ የእኔ ቅሬታ ነው፣ አንተን አይመለከትም።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ አይርቅም። አምሐ እሸቴ በ1969 አምሐ ሪከርድስ የተባለውን ሸክላ አሳታሚ ሲጀምር ዘፈኖቹ የወጡት በትንንሽ ሸክላ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው። እነዚያን ዘፈኖች ዛሬም ቀላቅለን እንሰማቸዋለን። በቅደም ተከተል አልሰማኸውም ብሎ የሚገስጽህ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። ስልኳ ላይ ያለው መተግበሪያ የሚከፈልበት ነው ወይስ ነፃው? አንዳንዶቹ ካልከፈልክ አልበምን በተራ እንድትሰማ አይፈቅዱልህም ነበር። ለዓመታት በዚያ የሰማ ሰው ጆሮው ለምዶ ይቀራል። ሥራዋንም አልነገርከኝም። ቀኑን ሙሉ ስትወስንና ስትመልስ የምትውል ከሆነ፣ ማታ «ቀጥሎ የሚመጣውን አላውቅም» ማለት ዕረፍት ይሆንላት ይሆናል። ባልጠበቀችው ሰዓት «ዌይቲንግ ኢን ቬይን» ሲመጣ የሚሰማትን ደስታ አንተ አልበም ከፍተህ አታገኘውም፣ ምክንያቱም አንተ ተራውን ታውቀዋለህ።

በእውነት ትወደዋለች ወይ ላልከኝ፣ መልሱ ደብዳቤህ ውስጥ አለ። ልደቱ ላይ ግጥሙን እስከ መጨረሻው የያዘችው ማን ነበረች?

ወደ ኢርፎኑ እንምጣ።

«የየትኛው አልበም ነው? ቀጥሎ ምን ይመጣል?» ስትላት ምን እንደተሰማት ለመገመት ሞክር። የምትወደውን ዘፈን እየሰማች፣ ዕረፍት እየሄደች፣ ጎኗ የተቀመጠው የምታገባው ሰው ነው። በዚህ መሀል ጥያቄ መጣ። ብትመልስ ተፈተነች፣ ባትመልስ ወደቀች። ያውም የመጀመሪያህ እንዳልሆነ ራስህ ነግረኸኛል። እኔም ብሆን ኢርፎን እሰካ ነበር። ደግሞ እባክህ፣ እየነዳህ ስልክ አትቀማ። በዚያ መንገድ ላይ ከብትም ባጃጅም ሳይታሰብ ዘው ይላል። የቦብ ክብር እዚያ ድረስ አይሄድም።

ይሄን ስል ግን ክፉ ሰው ነህ እያልኩህ አይደለም። ከደብዳቤህ የያዘኝ የወንድምህ ነገር ነው። ገጹ ሳያልቅ አይነካም የሚለውን ሕግ ያወጣው እሱ ነው። አንተ ትንሹ ነበርክ፣ ኩርኩሙን የምትፈራው አንተ ነበርክ። አሁን እሱ ሩቅ ነው። ሕጉን የምታስከብረው አንተ ሆንክ፣ እጮኛህ ደግሞ በአንተ ቦታ ገባች። ነገሩን እንዲህ አይተኸው ታውቃለህ? እሷስ ስለዚያ አልጋና ስለዚያ ካሴት ታውቃለች? ደብዳቤህ ላይ ነግሬያታለሁ የሚል የለም። እንዳልነገርካት ጠረጠርኩ። የነገርካት ሕጉን ብቻ ከሆነ፣ ወንድምህ እንደናፈቀህ ከየት ታውቀዋለች? የምታየው ስለ ዘፈን ተራ የሚቆጣ ሰው ነው።

ስለዚህ ላስረዳት ወይ ላልከኝ፣ አታስረዳት። ከዚህ በላይ የነገርኩህን የለንደንና የኪንግስተን ታሪክ ሁሉ አሁን ሄደህ እንዳታወርድባት። ያ ሌላ ዙር ፈተና ይሆናል። መጀመሪያ መኪና ውስጥ ባልሆናችሁበት ሰዓት፣ ቡና ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ስለዚያ ቀን ይቅርታ ጠይቃት። አጭር ይሁን። «ስልኩን መቀማቴ፣ እንደ አስተማሪ መጠየቄ ልክ አልነበረም» በቂ ነው። «ግን አንቺም...» የሚል ነገር እንዳይከተለው። ከዚያ ስለ ወንድምህ ንገራት። አልበሙን ለማስከበር ብለህ አትንገራት፣ እንድታውቅህ ብለህ ንገራት። በመሀል ከሳቀች አብረህ ሳቅ። ኩርኩሙ ያስቃል።

ሌላ ቀን ደግሞ «ጊልቲነስ» ላይ ለምን እንደቀየረችው ጠይቃት። ከልብህ ለማወቅ ፈልገህ መሆን አለበት። እኔ የምጠረጥረውን ልንገርህ። የዚያ አልበም የመጀመሪያ ገጽ ለሐዋሳ መንገድ ይከብዳል። ሰው ሐይቅ ዳር ዓሣ ሊበላ እየሄደ ስለ ኃጢአተኞች ፍርድ መስማት ላያሰኘው ይችላል። አንተ ለምደኸው አይሰማህም።

እንግዲህ አንድ ሐሳብ አለኝ። እሺ ካለችህ በሚቀጥለው ጉዞ «ኤክሶደስ»ን ከሁለተኛው ገጽ ጀምሩት። በካሴት ያደግክ ሰው ነህና ይሄ ነውር እንዳልሆነ ታውቃለህ፣ ገልብጦ ማስገባት ነው። ከ«ጃሚንግ» እስከ «ዋን ላቭ» አምስት ዘፈን ነው፣ 20 ደቂቃ አይሞላም። ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ሞጆ ሳትደርሱ ያልቃል። ዋናው ነገር ግን ከአምስቱ አራቱ «ሌጀንድ» ላይ አሉ። እሷ በደንብ የምታውቃቸው ናቸው። አዲስ ሊሆንባት የሚችለው አንድ ብቻ ነው፣ ከ«ዌይቲንግ ኢን ቬይን» ቀጥሎ የሚመጣው «ተርን ዩር ላይትስ ዳውን ሎው»። እሱ ሲጀምር እንዳትናገር። ፊቷንም አትይ፣ መንገዱን እይ። ካልወደደችውና «ነክስት» ካለች ይለፍ፣ አንተም ትንፍሽ አትበል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የእሷ ነው። ሻፍል ታድርገው። አንተም እንደ ቅጣት ሳይሆን በደንብ ስማው። ስንቴ ሳታስተውለው ያለፍከው ዘፈን ከቦታው ወጥቶ ሲመጣ ሌላ ሆኖ ታገኘው ይሆናል። እኔ ራሴ ከ«ካያ» ዘፈኖች አንዳንዶቹን የወደድኳቸው እንዲህ ነው፣ አልበሙ መሀል ተቀምጠው ሳሉ ለብቻቸው አይቻቸው አላውቅም።

ጨዋታ ከወደዳችሁ ደግሞ ይሄን ሞክሩ። አሥር ዘፈን መርጣ በራሷ ተራ ትደርድርልህ። የቱ ይቅደም፣ የቱ ይዝጋ የሚለውን እሷ ትወስን። ስትጨርስ ከላይ እስከ ታች ሳታቋርጥ ስማላት። ምናልባት ስትደረድር አንተ የምትለው ነገር በራሱ ይገባት ይሆናል። ባይገባትም አሥር የምትወዳቸውን ዘፈኖች ታውቃለህ። «ለምን ይሄን መጨረሻ አደረግሽው?» ብለህ ብትጠይቃት ደስ የሚላት ጥያቄ እንዲህ ያለው ነው፣ መልሱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናትና።

ይሄ ሁሉ ሆኖ «እኔ አልበም አልወድም» ብትልህስ? አትወድም ማለት ነው፣ በቃ። ቤት ሁነህ፣ ማታ፣ ለብቻህ በተራ ስማ። ወይም ወንድምህ ጋ ደውልና እሱም እዚያ፣ አንተም እዚህ፣ እኩል ከፍታችሁ ስሙት። እንዲያውም ይሄን አልበም በአንተ መንገድ የሚሰማልህ ሰው እሱ ነው። ለእሷ የሰጠሃት ሥራ የእሱ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ሽማግሌው የጠየቅከኝን አልረሳሁም። በዘፈን ተራ የተኳረፈ ሁሉ ትዳሩ ይፈርሳል ብል ማንም አያገባም። የማስበው ሌላ ነገር ነው። ፊልም ስታዩስ ታቋርጣታለህ? ሹሮ ስትሠራ ማማሰያውን ትቀበላታለህ? እንዲህ አይደለም፣ እንዲያ ነው የምትልበት ሌላ ቦታ አለ? ራስህን በደንብ ጠይቅ፣ ካላገኘኸው እሷን ጠይቃት። ያለው መኪናው ውስጥ ብቻ ከሆነ ሽማግሌዎችህን ላክ። ሌላም ቦታ ካለ ግን ቀኑን አትግፋው፣ ነገር ግን ከዚያ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ይቅርታ ጠይቀህ፣ ወንድምህንም ነግረሃት፣ ወር ሙሉ ኢርፎኑ ከጆሮዋ ካልወረደ መልሰህ ጻፍልኝ። ያን ጊዜ ስለ ቦብ አናወራም።